በፎገራ አውራ አምባ ከወገን ተለይተው በእጃቸው ሥራ ስለሚኖሩ ሰዎች

ፎገራ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የሚባሉት ሁለት ወንዞች ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳውን አቋርጠው ወደ ጣና ይገባሉ። በክረምት ወራት ወንዞቹ ሲሞሉ ሜዳው ብዙውን ጊዜ በውሃ ይሸፈናል፤ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው ጥቁር አፈር ግን ለግጦሽም ለእርሻም የተመቸ ነው። የፎገራ ላም በወተቷ በአገሩ ሁሉ የታወቀች ናት። ሩዝም በ1970ዎቹ ዓመታት በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች አመልካችነት በጅግናና በሻጋ የገበሬዎች ማኅበራት ከተሞከረ ወዲህ ተስፋፍቶ የሜዳው ዋና እህል ለመሆን በቅቷል። የወረዳው ከተማ ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የተቈረቈረች ናት፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚሄደውም መንገድ የሚገነጠለው ከዚያው ነው።

ይህ ወደ ምሥራቅ የሚገነጠለው መንገድ ከሜዳው እየራቀ በሄደ መጠን ምድሩ ከፍ ይላል፤ አፈሩም እየሳሳ ድንጋይ ይበዛበታል። ከወረታ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ አውራ አምባ የሚባለው ሰፈር ይገኛል። በዚያው መንገድ ወደ ላይ ከቀጠሉም በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ይደረሳል። በእነዚህ በሁለቱ ስፍራዎች፣ አንድ መቶ ዓመት ያህል በሚያራርቅ ዘመን፣ ሁለት ልዩ ልዩ ወገኖች አንድ ዓይነት ነገር ሞክረዋል፤ ይኸውም ከዘመድና ከወገን ተለይቶ፣ በማያውቁት ሰው መካከል ሰፍሮ፣ በገዛ እጅ ሥራ መኖር ነው። የጋፋቶቹ ከባሕር ማዶ የመጡ ነበሩ፤ የአውራ አምባዎቹ ግን ከቅርብ መንደር የወጡ ናቸው። የመንገዱ ርዝመት ግን እንደሚመስለው ብዙ ልዩነት አያመጣም። በባላገሩ ዘንድ ርስት የሚጠራበት አባት፣ ለቅሶ የሚደርስለት ጎረቤት የሌለው ሰው የአንድ ቀን መንገድም ተጕዞ ቢመጣ መጤ ነው።

ከሰው ተለይቶ መኖር በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የጣና ደሴቶች ገዳማት ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ከገዳማቱም ውስጥ አንዳንዶቹ የአንድነት ገዳም ይባላሉ፤ መነኰሳቱ በአንድነት ሠርተው ከአንድ ማዕድ ይበላሉ። በቍሪት ገዳም ግን እያንዳንዱ መነኵሴ ድርሻውን ይዞ ለብቻው ይተዳደራል። ነገር ግን መነኵሴ ሚስትና ልጆች አስከትሎ አይመንንም፤ ባላገሩም የመነነውን ሰው ጸሎቱን ስለሚሻ ያከብረዋል፣ ስንቅም ያቀብለዋል። ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው፣ ከነከብታቸው፣ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሳይሠሩ «ለብቻችን እንኑር» ሲሉ ግን ባላገሩ የሚያውቀው ሥርዓት የለውም፤ የማይታወቅም ነገር ያስጠረጥራል።

በውጭ አገርም ከሥልጣኔ ርቀው በምድረ በዳ ራሳቸውን ችለው ለመኖር የተሰደዱ ሰዎች ታሪክ ብዙ ነው። በፈረንጆች 1929 ዓመት አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ከአንዲት ሴት ጋር አገሩን ጥሎ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በጋላፓጎስ ደሴቶች መካከል በምትገኘው ፍሎሬያና ሰፈረ፤ በዚያም የጥርስ ሐኪም ስለማይኖር አስቀድሞ ጥርሱን ሁሉ አስነቅሎ ነበር። ይሁን እንጂ ዝናው በጋዜጣ ስለ ተወራ ጀልባዎች እየመጡ ይጐበኙት፣ ዕቃም ያመጡለት ነበር፤ ሌሎችም ፈላጊዎች ተከትለውት መጥተው በመካከላቸው ጠብ ተነሣ። ሰውየው በ1934 በዚያው ሞተ፤ ሴቲቱም ወደ ጀርመን ተመለሰች። ለብቻ መኖር ከአትክልት ተክሎ መብላት ይልቅ የከበደ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ወደ ፎገራ መንገድ እንመለስና፣ የጋፋት ሠራተኞች ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ፣ በስዊስ አገር ባዝል አጠገብ በሚገኘው በቅድስት ክሪሾና የተማሩ ወጣቶች ነበሩ። የኢየሩሳሌሙ የፕሮቴስታንት ጳጳስ ሳሙኤል ጎባት ያቀደው፣ ወጣቶቹ ካህናት ሳይሆኑ ባለ እጅ ሆነው፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት ራሳቸውን እያስተዳደሩ መጽሐፍ ቅዱስን እንዲያሠራጩ ነበር። ለልመና እጃቸውን የማይዘረጉ፣ ከማንም ደመወዝ የማይጠብቁ ይሆናሉ ተብሎ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም በደስታ ተቀብለው በጋፋት አሰፈሯቸው፤ አንዳንዶቹም ከአገሬው ሴቶች ጋር ተጋብተው ልጆች ወለዱ። ነገር ግን ንጉሡ ከመጽሐፉ ይልቅ ጥበቡን ፈለጉ። ሠረገላ፣ መንገድ፣ በኋላም መድፍ እንዲሠሩ አዘዙ፤ ሠራተኞቹም መድፍ የማቅለጥ ልምድ ባይኖራቸውም እየሞከሩ ተማሩ። በ1859 ዓ.ም. «ሴባስቶፖል» የተባለው ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ በጋፋት ቀለጠ፤ ግማሽ ዓመት ያህል በሰው ጕልበት ተጐትቶም መቅደላ ደረሰ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ የጋፋት ሰዎች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው በእንግሊዝ ጦር ታጅበው ከአገር ወጡ። ከእነርሱም አንዱ ቴዎፊሎስ ዋልድማየር በሊባኖስ ተራራ በብሩማና ትምህርት ቤት አቋቋመ። በጋፋት ግን ማኅበራቸው ሳይቀጥል ቀረ። እነዚህ ሰዎች ራሳቸውን ለመቻል የያዙት ጥበብ የንጉሥ እጅ ውስጥ የጨመራቸው መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የሻሸመኔ ታሪክም በአንድ በኩል ይህን ይመስላል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. ገደማ ከካሪቢያን ደሴቶችና ከአሜሪካ ወደ አፍሪካ ለመመለስ ለሚሹ ጥቁሮች አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ፤ ይህም ሁለት መቶ ሄክታር ያህል ነው። ሰፋሪዎቹ፣ ይልቁንም ራስ ተፈሪያን የሚባሉት፣ እየመጡ አረሱ፣ ቤት ሠሩ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሲሆን ግን ከተሰጣቸው መሬት አብዛኛውን አጡ። በዚያው ጸንተው ልጆች ቢያሳድጉም የነዋሪነት መታወቂያ ሊሰጣቸው የተወሰነው በ2009 ዓ.ም. ነው።

አሁን ወደ አውራ አምባ እንግባ። የዚህ ማኅበር መሥራች አቶ ዙምራ ኑሩ በዚያው በደቡብ ጎንደር በእስቴ አገር ከእስላም ቤተ ሰብ የተወለዱ ገበሬ ናቸው፤ ትምህርት ቤት አልገቡም። ገና ልጅ ሳሉ ሁለት ነገር ይከነክናቸው ነበር ይባላል። አንደኛው እናታቸው ቀን ከአባታቸው ጋር በእርሻ ሲደክሙ ውለው ማታ ደግሞ መፍጨቱ፣ መጋገሩ፣ የባልን እግር ማጠቡ ለምን ለእርሳቸው ብቻ እንደሚቀር ነው። ሁለተኛው ጎረቤታሞች የሆኑ እስላምና ክርስቲያን አንዱ ያረደውን ሌላው የማይበላበት ምክንያት ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ደጋግመው ስላነሡ ቤተ ሰቡ አእምሯቸው እንደ ታወከ ቈጠራቸው። በዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ገደማ ከቤት ወጥተው አሳባቸውን የሚጋራ ሰው ፍለጋ ለዓመታት ከአገር አገር ዞሩ። ከብዙ ጊዜ በኋላም በፎገራ የሚሰሟቸው ገበሬዎች አገኙ፤ በ1964 ዓ.ም. ዐሥራ ዘጠኝ ሆነው በአውራ አምባ ማኅበሩን መሠረቱ።

የተስማሙበት ነገር አጭር ነው። ሴት ከወንድ እኩል ትሁን፤ የልጅ መብት ይከበር፤ በዕርጅና ወይም በሕመም መሥራት ያቃተው ይረዳ፤ ክፉ ንግግርና ክፉ ሥራ ይወገድ፤ የሰው ልጅ ሁሉ ወንድምና እኅት ተብሎ ይታይ። በፈጣሪ ያምናሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ግን የላቸውም። ሠርግ አይደግሱም፤ ሰው ሲሞትም ሳይዘገይ ይቀበራል፤ ለቅሶ ተቀምጦ ሥራ መፍታት፣ ተዝካር ማውጣት የለም። ለሌላው ሰው ይህ የቍጠባ ነገር ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። የአገሩን ልማድ ለሚያውቅ ግን ከዚህ የበለጠ ድፍረት የለም።

በፎገራ እንደ ሌላው የጎንደር አገር ሁሉ ጎረቤትን ጎረቤት የሚያደርገው የቤት መቀራረብ አይደለም። ማኅበር አብሮ የጠጣ፣ ሰንበቴ ያወጣ፣ ለቅሶ የደረሰ፣ በተዝካር የበላና ያበላ ሰው አዝመራው ሲደርስ ደቦ የሚወጣለት፣ በሬው ሲሞት የሚያቀናጀው፣ ቤቱ ሲቃጠል ሣርና እንጨት የሚዋጣለት ነው። ከድግሱ የቀረ ሰው ከደቦውም ይቀራል። ስለዚህ የአውራ አምባ ሰዎች ድግሱንና ተዝካሩን ሲተዉ የተዉት እህልና ጠላ ብቻ አልነበረም፤ የጎረቤትን ጕልበትም ነው። በሰው በተሞላ አገር መካከል ምድረ በዳ የገቡ ያህል ሆነ። የሚያርስላቸው፣ የሚያጭድላቸው፣ የሚቀብራቸው ከራሳቸው ውስጥ መውጣት ነበረበት። በሌላ ወገን ደግሞ በበዓል ምክንያት ከሥራ የሚታገዱባቸው ቀኖች ስለ ተቀነሱላቸው ለሥራ የሚተርፋቸው ጊዜ ከጎረቤታቸው በዛ። ሴቲቱ ሞፈር ጨብጣ ስታርስ፣ ወንዱም እንጀራ ሲጋግር ሰው ሳቀባቸው፤ ነገር ግን የሚሠራው እጅ በዚያው ልክ ጨመረ።

እጁ የሚሠራው ግን በምን ላይ ነው? ከፎገራ ጥቁር ሜዳ ውጪ ያለው ይህ ስስ አፈር ብዙ ሰው አይመግብም። ማኅበሩን ያኖረው ሽመና ነው። በዚህም ላይ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ሽመና በአገራችን ገበሬ ዘንድ የተናቀ ሙያ ሆኖ ኖሯልና። በጎንደር አገር ሸማኔው ብዙውን ጊዜ ቤተ እስራኤል ወይም እስላም ነበር። በቀድሞው ሥርዓት ለብዙዎቹ እስላሞች ርስት ስላልተፈቀደ ንግድና ሽመና መተዳደሪያቸው ሆኖ ቆየ፤ ገበሬው ግን ሸማውን እየለበሰ ሸማኔውን ይንቅ ነበር። ሥራውም በወንድና በሴት የተከፈለ ነው። ጥጡን መዳመጥ፣ ባዘቶውን በእንዝርት መፍተል የሴት ነው፤ ድሩን ዘርግቶ፣ እግሩን ከጕድጓድ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን እየላከ ማጉን መምታት የወንድ ነው። ወንድ ቢፈትል፣ ሴት ብትሸምን ነውር ነበር።

በአውራ አምባ ይህ ክፍፍል ተሻረ። ሴቶች ከሽመናው ዕቃ ላይ ተቀመጡ፤ ወንዶችም እንዝርት ያዙ። ከቈየ በኋላ ከጕድጓዱ ዕቃ በተጨማሪ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩባቸው ሰፋፊ የሽመና መሣሪያዎች ገቡ፤ በአንድ አዳራሽ ውስጥም ብዙዎች ጎን ለጎን ሆነው ጋቢ፣ ነጠላ፣ የአልጋ ልብስና የአንገት ልብስ ይሠራሉ። ጥጡ ግን ከሰፈሩ አይበቅልም፤ በገበያ ይገዛል፤ የተሠራውም ልብስ በገበያ ይሸጣል። ስለሆነም አውራ አምባ ራሱን ችሏል ሲባል ከገበያ ተለይቷል ማለት አይደለም። ከእርዳታ ተለይቷል ማለት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ አድርጎ መመልከት ስለዚህ ሰፈር የሚናገሩ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው።

ለማኅበሩ የሽመና ጥቅም የታወቀው ከሁሉ ይልቅ በስደት ጊዜ ነው። በደርግ ዘመን የጎረቤት ጥርጣሬ የመንግሥት ክስ ሆነ። ሃይማኖት የላቸውም፣ ልማድ ያፈርሳሉ ሲል የነበረው ሰው ከተቃዋሚ ድርጅት ጋር ይተባበራሉ የሚል ነገር ጨመረበት፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ክስ ሕይወትን የሚያሳጣ ነበር። በ1981 ዓ.ም. ሕዝቡ አገሩን ጥሎ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተሰደደ፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆም በከፋ ምድር በቦንጋ አካባቢ ሰፈረ።

ከፎገራ ለወጣ ሰው ከፋ ሌላ ዓለም ነው። ፎገራ ዝናብ በክረምት ብቻ የሚዘንብበት፣ ዛፉ የሳሳ፣ በሬ ጠምዶ ጤፍና ዳጕሳ የሚዘራ አገር ነው። በከፋ ዝናቡ አብዛኛውን ዓመት አይቋረጥም፤ ደኑ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ቡና ማንም ሳይተክለው ከዛፍ ጥላ ሥር ይበቅላል፤ ሕዝቡ እንሰት ይመገባል፣ ቋንቋውም ከፍኛ ነው። ደጋ ላይ አርሶ ያደገ ሰው እዚያ ሲደርስ የዘር ጊዜው፣ መሣሪያው፣ የእህሉ ዓይነት ሁሉ ይለወጥበታል፤ እርሻ እንደ ገና የሚማረው ነገር ይሆናል። ፈትልና ሽመና ግን በሄዱበት ያው ነው። መሬት ተሸክሞ የሚሰደድ የለም፤ እንዝርትና መወርወሪያ ግን ከስልቻ ውስጥ ይገባሉ።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1985 ዓ.ም. ወደ አውራ አምባ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ መሬታቸው በሌሎች ተይዞ ነበር። የቀራቸው 17 ሄክታር ተኩል ብቻ ሆነ። ይህ በአገሩ ልኬት ሰባ ጥማድ ያህል ነው። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሰው ከአራት መቶ በላይ ስለ ደረሰ መሬቱ በነፍስ ወከፍ ቢከፋፈል ለአንድ ሰው አራት መቶ አርባ ካሬ ሜትር እንኳ አይደርስም፤ የቤቱና የመንገዱ ስፍራ ሲቀነስ ደግሞ ያንሳል። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ የተቀመጠ ተራ የገበሬ መንደር ወይ ይበተናል፣ ወይ የሌላውን መሬት የእኩል ያርሳል። አውራ አምባዎች ግን ያልተበተኑት እርሻውን ከዋና መተዳደሪያነት ወደ ረዳትነት ስላወረዱት ነው። ሽመናው ሰፋ፤ የእህል ወፍጮ ተተከለ፤ ሱቅ ተከፈተ፤ የኅብረት ሥራ ማኅበርም ተቋቋመ። የማኅበሩ አባላት በተመደቡበት ይሠራሉ፤ በዓመቱ መጨረሻ ወጪው ተቀንሶ የተገኘው ትርፍ ለአባላቱ በእኩል ይከፈላል። በሰፈሩ ከሚኖሩት ውስጥ የኅብረት ሥራው አባል ያልሆኑም አሉ፤ ቤቱም የየቤተ ሰቡ ነው። ስለዚህ ሁሉን ነገር በጋራ አድርገዋል የሚለው ወሬ ልክ አይደለም።

ከሳምንቱ አንድ የሥራ ቀን ለራስ አይሠራም። «ለወገን ደራሽ» ይባላል፤ በዚህ ቀን የሚገኘው ገቢ ለአረጋውያን፣ ለሕሙማንና አሳዳጊ ለሌላቸው ልጆች ይውላል። ጧሪ ያጡ አረጋውያን በአንድ ቤት ተሰብስበው በተመደቡ ሰዎች ይጠበቃሉ። ይህ ሥርዓት የባላገሩን ዕድርና ደቦ የሚተካ ሆኖ ይታያል፤ ልዩነቱ ዕድር የሚረዳው ያዋጣውን ሲሆን ይህ ግን ማዋጣት የማይችለውን መርዳቱ ነው። ጠብ ሲነሣ ቅሬታ የሚሰሙ፣ እንግዳ የሚቀበሉ፣ ትምህርትን የሚከታተሉ ኮሚቴዎች በየዘርፉ ተመርጠዋል።

ቤቶቹ በውጭ ሲታዩ ከሌላው መንደር ብዙ አይለዩም፤ ግድግዳቸው እንጨትና ጭቃ ነው። ውስጣቸው ግን የተለየ ነው። መደቡ፣ መደርደሪያው፣ የእህል ማስቀመጫው ከጭቃ ተሠርቶ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል። ምድጃው ተሸፍኖ ጢሱ በጭቃ መውጫ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ እንጨትም ይቈጥባል። ይህን ምድጃ ያበጁት አቶ ዙምራ እንደ ሆኑ ይነገራል። በጕልቻ ዙሪያ ዓይኗን እያሻሸች የምታድር ሴት ባለችበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የእናቱን ድካም ያየ ልጅ ካነሣው ጥያቄም ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው።

ከጎረቤት ጋር የነበረው ቂም በአንድ ቀን አልጠፋም። ያለዘበው ግን ስብከት ሳይሆን ወፍጮው ይመስላል። እህሉን ለማስፈጨት አህያውን ጭኖ ረጅም መንገድ ይሄድ የነበረ ገበሬ ቅርብ ወፍጮ ሲያገኝ የባለ ወፍጮውን ሃይማኖት መጠየቅ ይተዋል። ተራ እስኪደርሰው ተቀምጦ ሳለም ሴቲቱ ስትሸምን፣ ወንዱ ልጅ አዝሎ ሲፈትል ያያል፤ የሰማውንና ያየውን ያስተያያል።

ከጊዜ በኋላ ሌላ ገዢ መጣ። የሰፈሩ ዝና ስለ ተሰማ ከአዲስ አበባም ከውጭ አገርም ጎብኚዎች በየጊዜው ይመጡ ጀመር፤ የእንግዳ ማረፊያና የልብስ መሸጫም ተዘጋጀላቸው። አንዳንድ የውጭ አገር ሰዎች ከዚህ ሰፈር ያጡትን የገጠር ኑሮ ይፈልጉ ይሆናል፤ የሚያገኙት ግን ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠራበት የሽመና አዳራሽ ነው። ከጎብኚው የሚገኘው ገንዘብ ጠቀሜታው ብዙ ቢሆንም ጽናቱ ግን የመንገዱን ሰላም የሚከተል ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ጊዜ ወደዚያ አገር የሚጓዝ እንግዳ እጅግ ቀንሷል። እንግዳ ለአንገቱ የሚገዛው ቀለም የበዛበት ልብስና ባላገሩ ለብርድ የሚፈልገው ጋቢ በአንድ ዕቃ ላይ ይሠራሉ፤ ልዩነቱ በፈትሉና በአመታቱ ነው። ሸማኔዎቹም ሁለቱንም ያውቁታል፤ የጋቢውም ገበያ ከወረታ አይርቅም።